ጉልላት የሌለው ቤት

የታሪክ ትምህርቱን የመረጥኩት ቅዳሜ ጠዋት ስለሚሰጥ ብቻ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ፎርት ስኔሊንግ አጠገብ ካለ የመኪና ማቆሚያ ወደ ኤርፖርት መንገደኛ አመላልሳለሁ፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አለ። ኮሌጁ ደግሞ ያለ አንድ የታሪክ ኮርስ አትመረቅም አለኝ። በዚያ ሰዓት ክፍት ሆኖ የተገኘው ወደዚህ አገር ስለመጡት የመጀመሪያዎቹ እንግሊዛውያን ሰፋሪዎች ኑሮና መከራ የሚያወራው ነበር። እነሱ ቢራቡ ቢጠግቡ ለእኔ ምኔ ናቸው እያልኩ ተመዘገብኩ። ዕድሜዬ አርባ ሊደፍን ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ከመምህሯ በቀር ሽበት ያበቀለው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።

መምህሯ ከስድሳ ያለፉ፣ ረጅምና ቀጭን ሴት ነበሩ። ለሁሉም ነገር «ኢንተረስቲንግ» ይላሉ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቅዳሜዎች ዓይኔን ገልጬ ተኛሁ። በሦስተኛው ጄምስታውን የምትባለውን መንደር ካርታ ሰሌዳው ላይ ለጠፉ። ሰዎቹ መርከባቸው እንዲጠጋላቸው ብለው ረግረግ ዳር ሰፈሩ አሉን። የሚጠጡት የወንዙን ውሃ ነው፤ ወንዙ ደግሞ የባሕር ውሃ እየተመለሰ የሚቀላቀልበት፣ ጨውና ዝቃጭ ያለበት ነበር። በተቅማጥና በትኩሳት ረገፉ። ቤቶቻቸው በጥድፊያ የቆሙ፣ በጭቃ የተመረጉ፣ በሳር የተከደኑ ነበሩ፤ ዝናብ ያስገባሉ። አንድ ወጣት እጁን አውጥቶ «ታዲያ ዝናቡን አጠራቅመው ለምን አልጠጡም?» ብሎ ጠየቀ። «ኢንተረስቲንግ» አሉ መምህሯ፣ እና ቀጠሉ። የአገሩ ሰዎች በቆሎ ያመጡላቸው ነበር፤ አንዳንዴ ወደው፣ አንዳንዴ ተገደው።

እንቅልፌ ድራሹ ጠፋ። ይህን ታሪክ አውቀዋለሁ። የማውቀው ግን በቆሎ ተሸክመው ከመጡት ወገን ሆኜ ነው።

የሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ወለጋ ውስጥ የዴዴሳን ሸለቆ ቁልቁል ከሚያይ ደጋ ላይ ነው። ቤታችን የሚነገረው ኦሮምኛ ነው፤ አማርኛ የተማርኩት ትምህርት ቤት ነው። ከወሎ ረሃብ ያፈናቀላቸው ሰዎች ሊሰፍሩ ነውና ቆላ ወርዳችሁ ቤት ሥሩላቸው ተባልን። ትፈልጋላችሁ ወይ ብሎ የጠየቀን የለም። እነሱንም የጠየቃቸው እንዳልነበረ የሰማሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። እውነቱን ለመናገር አልወደድናቸውም። የግጦሽ መሬታችን ተወሰደ፣ ደኑ ለምሰሶና ለማገር ተቆረጠ። ሰዎቹን ገና ሳናያቸው አኮረፍናቸው።

አባቴ በሳር ክዳን የተመሰከረለት ሰው ነበር። ቤት ከድኖ ሲጨርስ አናቱ ላይ አሮጌ ማሰሮ ይደፋበታል፤ ጉልላቱ እሱ ነው። የሳሩ ጫፍ የሚታሰርበት ቦታ ካልተሸፈነ ዝናቡ ምሰሶውን ተከትሎ ቤት ውስጥ ይወርዳል። አባቴ ሠርግ ቢጠብቀው እንኳ ጉልላት ሳይደፋ ከጣሪያ ወርዶ አያውቅም። ያን ሰሞን ወገቡን ታሞ ስለተኛ በእሱ ፈንታ የተላክሁት እኔ ነኝ። እኔም ከአባቴ በምን አንሳለሁ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ወረድኩ። አሮጌ ማሰሮ ከየቤቱ ተሰብስቦ በአህያ ተጭኖ መጣ፤ ለእያንዳንዱ ጎጆ አንድ አንድ።

የመጨረሻው ቀን የመጨረሻ ቤቴ ሦስተኛው ረድፍ ላይ አራተኛው ነበር። ማሰሮውን ይዤ ስወጣ ከእጄ አመለጠና ግንድ ላይ አርፎ ተሰባበረ። ሌላ ማሰሮ የነበረው ከመንደሩ ማዶ፣ የሩብ ሰዓት መንገድ ላይ ነው። ጓደኞቼ ግን ዕቃቸውን ሸክፈው ዳገቱን ተያይዘውታል፤ ና እያሉ ይጠሩኛል። ርቦኛል፣ ትንኝ በልቶኛል። የሳሩን ጫፍ ጠመዘዝኩና በልጥ አስሬው ወረድኩ። ማን ያየዋል አልኩ።

ክረምቱ ገባ። ለሰፋሪዎቹ በቆሎ አዋጡ ተባልንና ተሸክመን እንደገና ወረድን። ሦስተኛው ረድፍ ስንደርስ አንዲት ከሲታ ሴት ጨቅላ ታቅፋ አራተኛው ቤት በር ላይ ቆማለች። ሁለቱም እግሮቿ አብጠዋል። በቆሎ የተሸከምነውን ሰዎች አንድ በአንድ እያየች ቆይታ ዓይኗ እኔ ላይ ዐረፈ።

«ወንድሜ፣ አማርኛ ትሰማለህ?»

«እሰማለሁ።»

«ይኸውልህ ግባና እይልኝ፤ ቤቱ ያፈሳል። ምሰሶው ምንጭ ሆኗል። ማን እንደሠራው ታውቀዋለህ?»

ገብቼ አየሁ። ውሃው ምሰሶዬን እያብለጨለጨ ይወርዳል። «አውቀዋለሁ» አልኳት።

«እንግዲያው ንገረው። ጨቅላ ይዣለሁ በለው።»

«እሺ፣ እነግረዋለሁ» አልኩ።

እነግረዋለሁ! ዓይኔን በጨው አጥቤ። ቤት እንደደረስኩ አንድ ደህና ማሰሮ መርጬ ከጓሮ አስቀመጥኩ፤ በማግሥቱ ልወርድ ነው። በማግሥቱ ዘነበ። በሳልስቱ ወንዙ ሞላ። ከዚያ ቆላ በሽታ ገብቷል ተባለና እናቴ በር ላይ ቆማ አትሄድም አለችኝ፤ እኔም በሆዴ ተመስገን አልኩ። ከመስቀል በኋላ ወርደው የተመለሱ ሰዎች በሽታው ሦስተኛውን ረድፍ ጠርጎታል፣ ሕፃናቱን አልማረም ብለው አወሩ። የየትኛው ቤት ልጅ እንደሞተ አልጠየቅሁም። ብጠይቃቸው ይነግሩኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሃያ አንድ ዓመት አለፈ። የመጀመሪያ ልጄ ሆስፒታል ስትወለድ ዓይኔ ቀድሞ የሄደው ወደ ጣሪያው ነው። ሆፕኪንስ ከተማ የምንኖርበት አፓርታማ ኮርኒስ ላይ አንዴ የውሃ እድፍ ቢታይ፣ ባለቤቴ ሜይንቴናንስ ጋ ደውላ ጥቅልል ብላ ተኛች፤ እኔ ሦስት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለእሷም ቢሆን ተናግሬ አላውቅም። ያ ጨቅላ ኖረ ወይስ ሞተ የሚለውን ጥያቄ ለብቻዬ ተሸክሜው አገር አቋርጬ መጥቻለሁ።

መጋቢት መጨረሻ ላይ መምህሯ አንድ ሥራ ሰጡን። ሁለት ሁለት ሆናችሁ የሰፋሪዎቹን ቤት ሞዴል ሥሩ፤ ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ሳር ይሁን፤ በአበባ ማጠጫ ውሃ አፈስበታለሁ፣ ያላስገባ ሙሉ ማርክ ያገኛል አሉ። እኔ የደረሰችኝ ከኋላዬ የምትቀመጥ ሻርፕ የምታስር፣ ማስቲካ ከአፏ የማይጠፋ ሃያ ምናምን ዓመቷ ልጅ ናት። በዘጠኝ ዓመቷ ነው ከእናቷ ጋር ከአገር ቤት የመጣችው፤ እስከዚያ ቀን ከእንግሊዝኛ በቀር ስታወራ ሰምቼ አላውቅም።

«ጋሼ፣ አይ ሆፕ ሃንዲ ነህ» አለችኝ። «እኔ እኮ ግሉ ጋን እንኳ ዩዝ አድርጌ አላውቅም።»

«በእጅ ሥራ እንዲያው ትንሽ እሞክራለሁ» አልኩ።

ከአፓርታማችን ጀርባ ካለው ኩሬ ዳር በረዶ ያጎበጠውን ረጅም ሳር በወጥ ቤት መቀስ አጭጄ አደረቅሁ። ቅርንጫፍ ሰብስቤ ወራጅና ማገር አወጣሁ። ልጅቷ ጭቃውን አቦካች፤ በየመሀሉ «ግሮስ!» እያለች። መጽሐፉ ላይ ያለው ቤት አራት ማዕዘን ነው፤ አይቼዋለሁ፣ አውቄዋለሁ። እጄ ግን የሚያውቀው ሌላ ነው። ቀና ብዬ ሳየው ክብ ሆኖ በደንብ የዞረ፣ መሀሉ ምሰሶ የቆመለት የወለጋ ጎጆ ሆኖ ቁጭ ብሏል።

«ጋሼ! ሬክታንግል ነው እኮ የሚለው!»

«አሁን አይፈርስም» አልኩ።

መምህሯ መጥተው ዙሪያውን አዩትና እንግሊዞቹ እንዲህ አይሠሩም ነበር፣ ግን ይቆይ አሉ። ኢንተረስቲንግም አሉ።

የቀረው አናቱ ነበር። ከትንሿ ልጄ የመጫወቻ ዕቃ ውስጥ አንድ የሸክላ ስኒ በኪሴ ይዤ መጥቼ ነበርና አውጥቼ ጫፉ ላይ ደፋሁት። ልጅቷ ማስቲካዋን ማኘክ አቆመች።

«ይሄ ምንድነው?»

«ጉልላት ነው። ይህ ከሌለ ዝናቡ በምሰሶው ይገባል።»

«ኦ ማይ ጋድ። እማዬ የምትረግመው ቤት!»

«የምን ቤት?»

«እማዬ ሁልጊዜ ነው የምታወራው። ጣሪያ ባፈሰሰ ቁጥር፣ መኪና ውስጥ ውሃ በገባ ቁጥር፣ ‹ጉልላት የሌለው ቤት!› ትላለች። ወለጋ ነው። ሰፈራ ምናምን። አይ ዋዝ ኤ ቤቢ።»

መቀሱን ቀስ ብዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ብዙ መንደር፣ ብዙ ረድፍ፣ ብዙ ቤት ነበር፤ ጉልላት ሳይደፋ የወረደ ሌላ ሰነፍም አይጠፋም። እንደ ቀልድ አድርጌ «እንግዲህ አንቺ ደርሰሽ ይኸው ደህና ነሽ» አልኳት።

«እኔ አዎ። መንታ ነበርኩ ግን። ወንድሜ ሞተ። የትና እንዴት አላውቅም፤ እማዬ ስለሱ አታወራም።»

በር ላይ ያየኋት ሴት ያቀፈችው አንድ ጨቅላ ነበር። ሌላው ውስጥ፣ እርጥቡ መሬት ላይ ተኝቶ ይሆን? ቤቱ ውስጥ ስገባ ያየሁት ምሰሶውን ብቻ ነው፤ ወለሉን አላየሁም። ያን ቀን እንዴት ድራይቭ አድርጌ ቤቴ እንደገባሁ አላስታውስም።

የፈተናው ቅዳሜ መምህሯ የአበባ ማጠጫቸውን ይዘው መጡ። የሌሎቹ ቤት አንዱ ተናደ፣ አንዱ ወንፊት ሆነ። የእኛ ላይ ማጠጫው እስኪያልቅ አፈሰሱበት፤ ሳሩ ውሃውን ወደ ውጭ እየገፋ አወረደው። ጎንበስ ብለው በበሩ ጣታቸውን አስገቡና ወለሉን ዳሰሱ። «ድራይ!» አሉ፤ ደረቅ ነው። ክፍሉ አጨበጨበ፤ ልጅቷ ዘላ አቀፈችኝ። እኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አንዲት ስኒ ናት እኮ። ሃያ አንድ ዓመት ዘግይታ አንዲት ስኒ።

ሞዴሉን እሷ ይዛው ሄደች። በሳምንቱ ሥራ ላይ እያለሁ ስልኬ ጮኸ። የሴት ድምፅ ነው፤ የወሎ አማርኛ።

«አብራህ የምትማረው ልጅ እናት ነኝ። ያመጣችውን ቤት አየሁት። አስተሳሰሩን አውቀዋለሁ። የየት አገር ሰው ነህ?»

«ወለጋ» አልኩ።

«እሑድ ለምሳ ና» ብላ ዘጋችው።

ያን ዕለት ማታ ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኳት። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም። «እኔ ደግሞ ይሄን ሁሉ ዓመት ኮርኒስ እያየ የሚያድረው በኪራይ ተጨንቆ ነው እላለሁ» አለች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ «ሂድ፤ የሚሉህን ስማ» አለችኝ።

ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ያለው ቤታቸው ትንሽ ነው፤ እናትና ልጅ ተጋግዘው የገዙት። እናትየው ዳቦ ፋብሪካ ትሠራለች። በሩን ስትከፍት አላወቀችኝም፤ እኔም ፊቷን አላወቅሁትም፤ ደርባባ፣ ጉንጫም ሴት ሆናለች። ያወቅሁት ዓይኗን ነው። ያው፣ ሰውን አንድ በአንድ የሚመረምር። ሞዴሉ ቴሌቪዥኑ ላይ ተቀምጧል። ምግብ ቀረበ፤ ቆርሼ ወደ አፌ ማድረስ አቃተኝ።

«ብላ እንጂ» አለች።

«እትዬ፣ ያ ቤት የቱ ጋ ነበር?»

«ቆላ ነዋ። ሦስተኛው ረድፍ። ከዳር ስትቆጥር አራተኛው።» እጇን ወደ ሞዴሉ ዘረጋች። «ልክ እንደዚህ ያለ፤ አናቱ ብቻ ራቁቱን። ወላሂ የሠራውን ሰው ስረግመው ኖሬያለሁ። አንድ በቆሎ የተሸከመ ጎረምሳ ንገረው ብዬው እሺ ብሎኝ ነበር። ነግሮት ይሁን ሳይነግረው አላውቅም።»

«አልነገረውም» አልኩ።

«አንተ በምን አወቅህ?»

«ጎረምሳውም እኔ ነኝ። ቤቱን የሠራሁትም እኔ ነኝ።»

ልጅቷ የቆረሰችውን በእጇ እንደያዘች ቀረች፤ አልጎረሰችውም። እናትየው ለረጅም ጊዜ አየችኝ። እኔ ፊቴን ሳላነሳ የማሰሮውን ነገር፣ ዳገቱን፣ ረሃቤን፣ ከጓሮ ያስቀመጥኩትን ሌላ ማሰሮ፣ እናቴን፣ ሁሉንም አወራሁ። በመጨረሻ ለመጠየቅ የመጣሁትን ጠየቅሁ። «መንታ ነበሩ ብላኛለች። ወንዱ . . . እዚያ ቤት ነው?»

«ማን? ልጄ?» ድምፅዋ ረገበ። «የለም። እሱ ያን ቤት አላየውም። ወሎ፣ መጠለያው ውስጥ ነው ያረፈው፤ መኪናው ላይ ሳንወጣ፣ እዚያው ቀበርኩት። አንተ እሱ ውስጥ የለህበትም።»

አለቀስኩ። እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት፤ አሁንም አላፍርበትም። ልጅቷ ሶፍት ይዛ «ጋሼ፣ አር ዩ ኦኬ?» እያለች አጠገቤ ቆመች። ቀና ብዬ አየኋት። ሻርፕ ያሠረች፣ ሚድተርም ላይ ከእኔ የበለጠ ያመጣች፣ ጭቃ የምትጸየፍ ልጅ ናት። ያ ጨቅላ እሷ ናት። ሴሚስተሩን ሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ ስንቀመጥ ከርመናል።

«ስማ፣ ገና አልጨረስኩም» አለች እናትየው። «እግሬ አብጦ ወንዝ መውረድ አልችልም ነበር። ሰው ላኪ እንዳልል ሁሉም ታሟል። ምሰሶው ላይ ጨርቅ አሰርኩበት፤ ከጨርቁ ሥር የርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ደቀንኩ። ሳር ሳር የሚል ቡናማ ውሃ። እሱን እየረገምኩ ጠጣሁ፤ እሱን ጠጥቼ አጠባኋት። ከጎናችን ያሉት ቤቶች ጠብ አይልባቸውም፤ እነሱ ከወንዝ ይቀዱ ነበር። በሽታው ሲገባ . . .» አልጨረሰችውም። ምግቡን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። «ለምን እንደተረፍን አላህ ነው የሚያውቀው። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ብቻ ያን ክረምት ከቆርቆሮው ሌላ አልጠጣንም።»

አንጀቴ ራሰ። ሃያ አንድ ዓመት ውስጤ ታስሮ የኖረ ነገር ሲፈታ ተሰማኝ። ወዲያው ደግሞ ሌላው ነገር መጣብኝ፦ ከጎን ያሉትን ቤቶች የከደንኩትም እኔ ነኝ። ጉልላታቸውን በሚገባ ደፍቼላቸው ነበር። ስለነሱ ምን እንደምል ያኔም አላወቅሁም፣ ዛሬም አላውቅም።

«ስለዚህ ይቅር ብለውኛል?» አልኳት።

«ማን አለህ? ሦስት ወር እርጥብ ላይ ተኝቻለሁ እኮ!» ከዚያ መሳቅ ጀመረች፤ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ፣ እንባዋን በሻርፗ ጫፍ እየጠረገች። «ብላና ተነስ። የማሳይህ ነገር አለ።»

ጓሮ ወሰደችኝ። ጎመንና ቃሪያ የምትተክልበት መደብ አጠገብ የመሣሪያ ማስቀመጫ ሼድ አለ፤ የጣሪያው ልባጥ፣ ሺንግሉ፣ ተላልጦ ውሃ ያስገባል። ሰው ለማሠራት ሁለት ዓመት ሙሉ ስታስብ ከርማለች። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ጣሪያውን፣ ከዚያ እኔን አየች። ሌላ ነገር መናገር አላስፈለጋትም።

ትምህርቱ ስላለቀ ቅዳሜ ጠዋቴ ባዶ ነበር። አሮጌውን ሺንግል ልጬ የበሰበሰውን እንጨት ለወጥኩ፤ አዲሱን ከታች ወደ ላይ እየደረብኩ መታሁ። ልጅቷ ምስማር ታቀብለኛለች፤ ግማሹን ትጥላለች። እናትየው ከታች ወንበር አውጥታ ተቀምጣ፣ እዚህ ጋ ክፍተት አለ፣ እዚያ ጋ ተጣሟል እያለች ታዘኛለች። አባቴ እንኳ እንደዚያ አላስጨነቀኝም። በሁለተኛው ቅዳሜ ጨርሼ ስወርድ አንድ ትልቅ የሸክላ አበባ ማሰሮ አቅፋ መሰላሉ ሥር ቆማ ጠበቀችኝ።

«እትዬ፣ ይሄ የሺንግል ጣሪያ ነው። ጉልላት አያስፈልገውም።»

«እኔ ጠየቅሁህ?»

ተመልሼ ወጣሁ። ማሰሮውን በሁለት እጄ ደረቴ ላይ አጥብቄ ይዤ ነው የወጣሁት፤ በእያንዳንዱ የመሰላሉ እርከን ቆም እያልኩ። የጣሪያው ሸንተረር መሀል ላይ ደፋሁትና በብሎንና በማጣበቂያ አሰርኩት። የጎረቤቱ ነጭ ሰውዬ ሳር ማጨጃውን አቁሞ አየንና እጁን አውለበለበልን። እኛም አውለበለብንለት።

ስወርድ የአትክልት ጎማውን ይዛለች። «ግባ» አለችኝ።

«የት?»

«ሼዱ ውስጥ።»

ገባሁ፤ በሩን ከውጭ ዘጋችብኝ። ባልዲ ገልብጬ ተቀመጥኩ። ውሃው ጣሪያው ላይ ሲወርድ የክረምት ዝናብ ድምፅ አለው። ልጅቷ ከውጭ ትስቃለች። «ጋሼ፣ ኤኒቲንግ?»

«ምንም!»

«ምሰሶውን እይ!» አለች እናትየው።

«ምሰሶ የለውም እትዬ!»

«እይ አልኩህ!»

ተነስቼ ምሰሶ የሚቆምበት፣ መሀል ወለሉ ላይ እጄን ዘርግቼ ዳሰስኩ። አቧራ ነው፤ ደረቅ አቧራ። ውሃውን አላቆመችም፤ ከዳር እስከ ዳር ስታፈስበት ቆየች። በመጨረሻ ጎማው ዝም አለና ድምፅዋ በሩ ሥር መጣ። አሁን እየሳቀች አልነበረም።

«ሰውየውን ነገርከው?»

መዳፌ ላይ ያለውን አቧራ አየሁት።

«ነገርኩት፣ እትዬ» አልኩ። «መጥቶ ጨርሶታል።»

በሩን ከፈተችልኝ።